የአሚዳ ግንብና የሒሳብ ጸሐፊው መዝገብ

የከተማ መከበብ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወሳው የግንቡ ውፍረት፥ የመሣሪያው ብዛትና የጀግኖቹ ስም ነው። ተማሪም በፈተና ጊዜ የሚጠየቀው ከተማይቱ በስንት ቀን እንደ ተያዘችና የያዛትም ንጉሥ ማን እንደ ነበረ ነው። እኔ ግን በዛሬው እሑድ ለአንባቢዎቼ የማቀርበው፥ በግንቧ ላይ ከመሸነፏ በፊት በጽሕፈት ቤት ውስጥ የተሸነፈችውን የአንዲት ከተማ ታሪክ ነው።

ከተማይቱ አሚዳ ትባላለች፤ ዛሬ በቱርክ አገር በጤግሮስ ወንዝ ዳር ዲያርባክር ተብላ የምትጠራው ናት። በ359 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የፋርስ ንጉሠ ነገሥት ሁለተኛው ሻፑር 73 ቀን ከቦ ከሮማውያን እጅ ወሰዳት።

የዚህን ታሪክ ዝርዝር ያቈየልን አሚያኑስ ማርኬሊኑስ የተባለ ወታደር ነው። በትውልዱ ግሪክ ሲሆን፥ በዚያን ጊዜ ገና ወጣት መኰንን ነበረና ከተማይቱ ስትከበብ ከግንቧ ውስጥ ተገኘ። ከብዙ ዓመት በኋላ በሮም ከተማ ተቀምጦ የሮማውያንን ታሪክ በላቲን ቋንቋ በ31 መጻሕፍት ጻፈ። የፊተኞቹ 13 መጻሕፍት ጠፍተዋል፤ አሚዳን የሚመለከቱት ግን በደኅና ደርሰውናል። ስለዚህ የምንሰማው የወሬ ወሬ ሳይሆን ያየ ሰው የነገረውን ነው። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል፤ አሚያኑስ የጦር አለቃው የኡርሲኪኑስ ሰው ነበረ። አለቃውን ይወዳል፥ የአለቃውንም ጠላቶች ይጠላል፤ ስለ እነርሱ በጻፈ ጊዜ ብዕሩ ይመራል። ይህን እያሰብን እንከተለዋለን።

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ ነውና ስለ ሁለቱ መንግሥታት ጥቂት ልበል። በጤግሮስና በኤፍራጥስ መካከል ያለው የሜሶጶጣሚያ ምድር ሮምንና ፋርስን ለብዙ ዘመን ሲያዋጋ የኖረ ነው። የሻፑር አያት ናርሴ በሮማውያን ተሸንፎ፥ በ299 ዓ.ም. ገደማ በተደረገው ውል ከጤግሮስ ማዶ ያሉትን አገሮች ሳይቀር ለቅቆ ነበር። ሻፑር ገና በሕፃንነቱ በ309 ዓ.ም. ነግሦ እስከ 379 ዓ.ም. በዙፋኑ የቈየ ስለ ሆነ፥ ያያቱን ውርደት ለመመለስ ዕድሜ አላነሰውም። ንጽቢን የተባለችውን የሮማውያንን ታላቅ ምሽግ ሦስት ጊዜ ከብቦ ሦስት ጊዜም አቅቶት ተመልሷል። በ358 ዓ.ም. ሜሶጶጣሚያና አርመንያ ይመለሱልኝ ብሎ ለሮማው ንጉሠ ነገሥት ለቆንስጣንጥዮስ ደብዳቤ ጻፈ፤ ቆንስጣንጥዮስም እምቢ አለ።

ይህ ቆንስጣንጥዮስ ለእኛም ታሪክ እንግዳ አይደለም። የታላቁ ቆስጠንጢኖስ ልጅ ነው። በ356 ዓ.ም. ገደማ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና፥ ፍሬምናጦስን ለምርመራ ወደ እስክንድርያ ስደዱት ብሎ የጻፈው እርሱ ነው፤ የደብዳቤው ቃል በቅዱስ አትናቴዎስ ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ የአሚዳ ጦርነት የተደረገው በኢዛና ዘመን ነው ማለት ነው። የአሚዳንም ግንብና ማማዎች ያሠራ፥ በግንቡም ላይ የሚተከል የጦር መሣሪያ ያኖረ ይኸው ቆንስጣንጥዮስ ነው፤ ቄሣር የሚባለውን የአልጋ ወራሽነት ማዕርግ ብቻ ይዞ በነበረበት ጊዜ ያደረገው ነው። ግንቡ መልካም ግንብ ነበረ። ጉዳዩ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሰው እንምጣ። ስሙ አንቶኒኑስ ነው። በሮማውያን ግዛት በሜሶጶጣሚያ የታወቀ ባለጸጋ ነጋዴ ነበረ፤ በኋላ ወደ መንግሥት ሥራ ገብቶ የአገሩ የጦር አዛዥ የሒሳብ ጸሐፊ ሆነ። ላቲንና ግሪክ የሚያውቅ፥ አስተዋይና ልምድ ያለው ሰው እንደ ነበረ አሚያኑስ እንኳ ይመሰክርለታል። ይህን ሰው አንዳንድ ስግብግብ ታላላቅ ሰዎች በገንዘብ ነገር አጠቁት። ነገሩ ወደ ዳኝነት ቢቀርብም፥ መርማሪዎቹ የሚያደሉት ወደ ታላላቆቹ ስለ ሆነ በተሟገተ ቍጥር ይብስበት ጀመር። በመጨረሻ ተስፋ ቈርጦ ዕዳውን አምኖ ተቀበለ፤ ዕዳውም በመመሳጠር ለመንግሥት ግምጃ ቤት የሚከፈል ሆኖ በመዝገብ ተላለፈ። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ በጽሕፈት ቤት የሚሠራ አንባቢ ሳይነገረው ይገባዋል። ከሰው ጋር የነበረው ክርክር ከመንግሥት ጋር ሆነ ማለት ነው። ከሰው ጋር በሽማግሌ ይታረቁታል፤ ከግምጃ ቤት ጋር ግን በየትኛው ሽማግሌ ይታረቁታል?

አንቶኒኑስ ቂሙን በልቡ ይዞ ሥራውን ቀጠለ። የሠራዊት ሒሳብ በእጁ ያልፋልና፥ በየትኛው ምሽግ ማን እንዳለ፥ ብዛቱ ስንት እንደ ሆነ፥ የትኛው ጦር መቼ ወዴት እንደሚነሣ፥ መሣሪያና ስንቅ በየት እንደ ተከማቸ እየጠየቀ በምስጢር ይጽፍ ጀመር። ማንም አልጠረጠረውም፤ የሒሳብ ጸሐፊ ቍጥር ሲጠይቅ ምን ያስጠረጥራል? መዝገቡ ከሞላ በኋላ በጤግሮስ ዳር አንድ የእርሻ መሬት ገዛ። ይህንንም ያደረገው ወደ ድንበር ሲመላለስ ባለርስት ነውና ማንም ለምን መጣህ እንዳይለው ነው። በዋና የሠለጠኑ ወዳጆቹን ወንዙን እያሻገረ፥ በማዶ ካለው ታምሳጶር ከተባለው የፋርስ የጦር አለቃ ጋር ተስማማ። የግምጃ ቤቱም ሹም በቀጠሮው ቀን ዕዳህን ክፈል ብሎ ባስጨነቀው ጊዜ፥ ሚስቱን፥ ልጆቹንና የሚወዳቸውን ሁሉ ይዞ በሌሊት በጀልባ ተሻገረ።

ሻፑር በክረምት ሰፈሩ ሆኖ በደስታ ተቀበለው። በንጉሥ ማዕድ ለመቀመጥና በምክር ቤት ለመናገር የሚያበቃውንም የራስ ጥምጥም አለበሰው። አንቶኒኑስ የሰጠው ምክር አጭርና አስፈሪ ነበረ። እስከ ዛሬ የደከማችሁት ከተማ በመክበብ ነው፤ ምሽጎቹን ትታችሁ ኤፍራጥስን ተሻገሩ፥ ከዚያ ወዲያ ያሉት ባለጸጋ አገሮች ወታደር የላቸውም የሚል ነው። ይህም ግምት ብቻ አልነበረም፤ ቍጥሩ በመዝገብ ነበረ።

አንዳንድ አንባቢ አንቶኒኑስን ወይ ከሀዲ ወይ ተበዳይ ብሎ ነገሩን ሊዘጋው ይወድ ይሆናል። እኔ ሁለቱንም ነው እላለሁ። በደሉ እውነተኛ ነው፤ የበደሉትም ሰዎች ስማቸው እንኳ ሳይጻፍ በአልጋቸው ላይ ተኝተው ቀርተዋል። ነገር ግን በዚያ ዓመት ለገበያ ወደ አሚዳ የመጣው ባላገር የማንንም መዝገብ አላጣመመም።

በፋርስ በኩል ምክሩ እንዲህ ሲሠራ በሮም በኩል ምን ይደረግ ነበር? በምሥራቅ ለብዙ ዘመን የቈየው፥ አገሩንም ጠላቱንም የሚያውቀው የጦር አለቃ ኡርሲኪኑስ ከሹመቱ ተነሣ። በስፍራው ሳቢኒያኑስ የሚባል፥ ዕድሜው የገፋ፥ ገንዘብ የሞላው፥ ለጦር ግን የማይሆን ሰው ተሾመ። አሚያኑስ እንደሚለው ይህን የሸረበው የቤተ መንግሥቱ የእልፍኝ ሹም ጃንደረባው አውሳብዮስ ነው። የጠቡም ምክንያት ኡርሲኪኑስ እንደ ሌሎቹ የእርሱን ድጋፍ ስላልፈለገና፥ በአንጾኪያ ያለውን ቤቱን ልቀቅልኝ ቢለው እምቢ ስላለው ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል የሚለው ክፉ ተረት በሮም ቤተ መንግሥትም የታወቀ ነበረ ማለት ነው። ኡርሲኪኑስ ወደ ንጉሡ ሲጓዝ በጥራቅያ ከመንገድ ላይ ተመለስ የሚል ትእዛዝ ደረሰው። ወደ ሜሶጶጣሚያ ተመልሶ እንዲዋጋ ታዘዘ፤ ሥልጣኑ ግን በሳቢኒያኑስ እጅ ቀረ። ቢያሸንፉ ምስጋናው ለሳቢኒያኑስ፥ ቢሸነፉ ወቀሳው ለኡርሲኪኑስ እንዲሆን የተሠራ ነገር ነበረ።

ሳቢኒያኑስ በግዕዝ መጻሕፍት ሮሃ በምትባለው በኤዴሳ ተቀመጠ። ጠላት በመንገድ ላይ ሳለ በከተማይቱ መቃብሮች መካከል ወታደሮቹን በሙዚቃ እያዘፈነ ይመለከት እንደ ነበረ አሚያኑስ ጽፏል። ከላይ እንዳልሁት የአሚያኑስ ብዕር በዚህ ሰው ላይ ጨካኝ ነውና፥ የዘፈኑን ነገር ማንም እንደ ወደደ ይመዝነው። ከኤዴሳ አለመውጣቱ ግን የማያከራክር ነው።

የፋርስ ጦር መነሣቱን ለማረጋገጥ አሚያኑስ ከአንድ የመቶ አለቃ ጋር ከጤግሮስ ማዶ ወዳለው ወደ ቆርዱኔ አገር ተላከ። የዚያ አገር ገዥ በልጅነቱ በሶርያ በመያዣነት ተቀምጦ የተማረ፥ የትምህርት ፍቅር ያደረበት ሰው ነበረና በስውር ረዳቸው። ከአንድ ረጅም ገደል ጫፍ ላይ ሆነው ሲጠባበቁ በሦስተኛው ቀን ዓይን እስከሚያየው ድረስ ምድሩ በሠራዊት ተሞልቶ ታያቸው። ሻፑር በፊት፥ በግራው የኪዮናውያን ንጉሥ ግሩምባቴስ፥ በቀኙ የካውካሱስ አልባናውያን ንጉሥ ይጓዙ ነበር። ሠራዊቱ በነነዌ በኩል አልፎ የዛብን ወንዝ በድልድይ ሲሻገር እስኪያዩ ቈይተው ተመለሱ።

ሮማውያን በሜዳው ያለውን እህልና ሣር አቃጠሉ፤ ሕዝቡንም ወደ ምሽጎች አስገቡ። የኤፍራጥስም ወንዝ በተራራው በረዶ መቅለጥ ሞልቶ መሻገሪያው ጠፋ። በዚህ ጊዜ ምን ይደረግ ቢባል መላ ያመጣው ደግሞ አንቶኒኑስ ነው። በስተ ቀኝ፥ መንገዱ ቢረዝምም ሣርና ውሃ ባለበት በሰሜን በኩል ዞረን፥ ወንዙ ገና ትንሽ በሆነበት እንሻገር አለ። እርሱም ራሱ መሪ ሆነ።

በዚህ ጉዞ ላይ፥ ከታሪኩ ሁሉ እኔን እጅግ ያስገረመኝ ነገር ሆነ። ኡርሲኪኑስ ጥቂት ሰዎች ይዞ የኤፍራጥስን ድልድዮች ለማፍረስ ሲጓዝ፥ ከኢሊሪያ የመጡ 700 ፈረሰኞች ሌሊት የመንገዱን ጥበቃ ትተው ስለ ተኙ፥ ሲነጋ ከአሚዳ አጠገብ በፋርስ ጦር ላይ ወደቀ። ሁለቱ ወገኖች ሲተያዩ አንቶኒኑስ ከፋርሶች መካከል ታየ። ኡርሲኪኑስ አወቀውና ከሀዲ፥ ወንጀለኛ እያለ ሰደበው። አንቶኒኑስ ግን አልተሳደበም። ከፈረሱ ወረደ፤ የክብር ጥምጥሙን ከራሱ አወለቀ፤ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ግንባሩ መሬት ሊነካ እስኪደርስ ጐንበስ አለ። ጌታዬ፥ ጠባቂዬ እያለ ይቅርታ ለመነው። ወዶ ሳይሆን ተገድዶ እንዳደረገው፥ ክፉ ባለዕዳ ጠያቂዎች እንዳሳደዱትና እርስዎ እንኳ በዚያ ሥልጣንዎ ሊያስጥሉኝ ሞክረው እንዳልቻሉ ያውቃሉ አለው። ይህን ብሎ ሲሄድ ጀርባውን አላዞረበትም፤ ከዓይን እስኪሰወር ድረስ ፊቱን ወደ አሮጌው አለቃው አድርጎ ወደ ኋላ እየተራመደ ሄደ።

አሚያኑስ ይህን ያየው በአለቃው አጠገብ ሆኖ ነው። ከሀዲውን በእውነት ይጠላዋል፤ ይህን ግን ሳይደብቅ ጽፎታል። የጸሐፊነቱን ማዕርግ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ስፍራ ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ሁሉም እግሩ ወደ መራው ሸሸ። ኡርሲኪኑስ አመለጠ። አሚያኑስ ወደ አሚዳ ሮጠ፤ ወደ ከተማይቱ የሚያወጣው መንገድ ጠባብ አቀበት ስለ ሆነ፥ ሸሺዎቹ እስኪነጋ ድረስ ተጨናንቀው ቆሙ። ራሱ በሰይፍ ለሁለት የተከፈለ አንድ ወታደር በፊቱ እንደ ነበረ፥ ሬሳውም የሚወድቅበት ስፍራ አጥቶ በሰው መካከል እንደ ግንድ ቆሞ እንዳደረ ይናገራል። ሲነጋ በአንዲት ትንሽ በር ገባ። በከተማው ውስጥ የዓመቱ ገበያ የሚቆምበት ጊዜ ስለ ነበረ ከነዋሪው ሌላ ብዙ እንግዳና ባላገር ተከማችቶ ነበር። ወታደሩ 7 ሌጌዎን ነው፤ ሌጌዎን ሲባል ግን በዚያ ዘመን እንደ ጥንቱ 5 ሺህ ሰው የሚያሰልፍ አልነበረም፥ እጅግ አንሶ ነበር። የሁሉም የበላይ ኤሊያኑስ የተባለ መኰንን ነው።

ሻፑር የአንቶኒኑስን ምክር ይዞ ነበርና በአሚዳ ላይ ብዙ ለመቈየት አላሰበም። ባየኝ ጊዜ ፈርቶ ይገዛልኛል ብሎ፥ በዘውድ ፈንታ በዕንቍ ያጌጠ የወርቅ የበግ ራስ ደፍቶ እስከ በሩ ቀረበ። ከግንቡ ላይ የተወረወረ ጦር ልብሱን ቀደደው። ንጉሡ እንደ መቅደስ መደፈር ቈጥሮ እጅግ ተቈጣ፤ ሹማምንቱ ግን ለምነው አበረዱት። በማግሥቱ ከተማይቱ እንድትገዛ ለመናገር ግሩምባቴስ ወደ ግንቡ ሲጠጋ፥ በባሊስታ፥ ማለት በገመድ በሚወጠር ትልቅ የቀስት መኪና፥ ዐልሞ የሚተኵስ አንድ ወታደር ከአባቱ ጐን የነበረውን መልከ መልካም ልጁን ጥሩሩን በስቶ ገደለው። በሬሳው ላይ እስከ ማታ ተዋጉ። ሰባት ቀን አለቀሱለት፤ ከዚያም አቃጥለው ዐመዱን በብር ዕቃ አኖሩት። አባትየውም የልጄ ደም ሳይመለስ ከዚህ አልነሣም አለ።

አንቶኒኑስ በብዙ ወራት የቀመረውን ሒሳብ አንድ ቀስት አፈረሰው። ወደ ሶርያ ሊገሠግሥ የነበረው ሠራዊት በአንዲት ከተማ ሥር ታሰረ። ኪዮናውያን ልጁ በሞተበት በምሥራቅ በኩል ቆሙ፤ በደቡብ ጌላናውያን፥ በሰሜን አልባናውያን፥ በምዕራብ ከሁሉ ብርቱ የሆኑት ሴጌስታናውያን ከዝሆኖቻቸው ጋር ተሰለፉ። የመጀመሪያውን ቀን ከማለዳ እስከ ማታ ድምፅ ሳያሰሙ፥ ፈረሶቻቸውም ሳያሽካኩ ቆመው ዋሉ። በግንቡ ላይ ያሉት ሰዎች ከጩኸቱ ይልቅ ዝምታው አስፈራቸው።

ኡርሲኪኑስ በዚህ ጊዜ በኤዴሳ ሳቢኒያኑስን ይለምን ነበር። ቀላሉን ጦር ሁሉ ይዘን በተራራው ሥር በሥውር እንሂድ፥ ከበባውን ባንሰብር እንኳ ጠላትን ከኋላ እናውከው አለው። ሳቢኒያኑስ የንጉሠ ነገሥቱን ደብዳቤ አውጥቶ አሳየው፤ ወታደር ሳይጐዳ የሚቻለው ሁሉ ይደረግ ይላል። ወታደር ሳይጐዳ ጦርነት! የትእዛዝ ወረቀት በብልሃት ሲነበብ ምን ያህል ሰፊ መጠለያ እንደሚሆን አንባቢ ይመልከት። ሳቢኒያኑስ አንድም ትእዛዝ አልጣሰም፤ ፋይሉ ንጹሕ ነው። አሚዳ ግን ብቻዋን ቀረች።

የዚያ አገር ሐምሌና ነሐሴ እንደ እኛው የዝናብ ሳይሆን የሐሩር ወራት ነው። በከተማው መንገድ የሚቀብረው ያጣ ሬሳ በዝቶ ወረርሽኝ ገባ፤ በዐሥረኛው ቀን ቀላል ዝናብ ዘንቦ ጋብ አለ። ከዚያም በስተ ደቡብ፥ ውሃ በስውር ለመቅዳት ከግንቡ እስከ ወንዙ በተፈለፈለ የድንጋይ ዋሻ፥ ከከተማው የከዳ አንድ ሰው 70 የንጉሡን ቀስተኞች በሌሊት መርቶ አንዱን ማማ አስያዛቸው። ሲነጋ ቀይ ካባ ከፍ አድርገው ምልክት ሰጡ፤ ከውጭ ጦሩ ሁሉ ተነሣ። ተከላካዮቹ 5 ቀላል ባሊስታዎች አዙረው እኩለ ቀን ሳይሆን ሁሉንም ጨረሷቸው።

ከተከላካዮቹ መካከል ከጋሊያ፥ ማለት ከዛሬው ፈረንሳይ አገር፥ የመጡ ሁለት ሌጌዎኖች ነበሩ። በእርስ በርሱ ጦርነት ማግነንቲዩስ ለተባለው ዐመፀኛ ስለ አገለገሉ ወደ ምሥራቅ የተጣሉ ናቸው። ግንብ መጠገንና መኪና መጠምዘዝ አያውቁም፤ የሚያውቁት በሜዳ መፋለም ብቻ ነው። አንድ ቀን ከሌላ ምሽግ የተማረከ ሕዝብ በግንቡ ፊት ሲነዳ፥ መራመድ ያቃታቸው ሽማግሌዎችም የእግራቸው ጅማት እየተቈረጠ ሲጣሉ አዩ። ከዚህ በኋላ በሩን ክፈቱልን ብለው በሰይፋቸው መዝጊያውን ይደበድቡ ጀመር። መኰንኖቹ መከልከል ሲያቅታቸው፥ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት መጥረቢያና ሰይፍ ይዘው በትንሹ በር ወጡ። ዘበኞቹን በእንቅልፋቸው ገድለው እስከ ንጉሡ ድንኳን ለመድረስ ጥቂት ሲቀራቸው ሰፈሩ ነቃ። ጀርባቸውን ሳያዞሩ እየተዋጉ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ 400 ያህሉ ቀሩ። ሲነጋ ፋርሶች ከሞቱት መካከል ታላላቅ ሹማምንት ስላገኙ ለሦስት ቀን ጦርነት ቆመ። ቆንስጣንጥዮስ በኋላ የእነዚህን ሰዎች አለቆች ምስል በጦር ልብሳቸው አስቀርጾ በኤዴሳ አደባባይ አስተከለ። በሕይወት ሳሉ የሚረዳቸው አንድ ወታደር ያልወጣባት ያችው ኤዴሳ!

ፍጻሜው የመጣው በዐፈር ነው። ፋርሶች ከግንቡ ጋር የሚስተካከል የዐፈር ቍልል ሠሩ፤ በላዩም የባሊስታ ማማዎች አቆሙ። ተከላካዮቹም በበኩላቸው ከግንቡ በስተ ውስጥ ሌላ ቍልል ከመሩ። ብዙ ከተዋጉ በኋላ፥ የተከላካዮቹ ቍልል በድንገት እንደ ምድር መናወጥ ወደ ፊት ተናደና በግንቡና በጠላት ቍልል መካከል ያለውን ክፍተት ሞላው። ለጠላት የተደለደለ መንገድ ሆነ። ፋርሶች በዚያ ላይ ጐረፉ፤ መሣሪያ የያዘውም ያልያዘውም፥ ወንዱም ሴቱም ታረደ።

አሚያኑስ ከሁለት ሰዎች ጋር በጨለማ ስፍራ ተሸሽጎ አመሸና ጠባቂ በሌለበት ትንሽ በር ወጣ። በመንገድ ላይ አንድ ፈረስ አገኙ፤ ባለቤቱ የፈረሱን ልጓም ከግራ እጁ ጋር አስሮ ወድቆ ኖሮ ፈረሱ እየጐተተ አካላቱን በታትኖታል። አሚያኑስ በዚያ ፈረስ ተቀመጠ። በበረሃው ጥልቅ ጕድጓድ ቢያገኙ ገመድ የለም፤ ልብሳቸውን ቀድደው ቀጣጥለው፥ ከራስ ቍሩ ሥር የሚደረገውን ቆብ ጫፉ ላይ አስረው እያጠለቁ የነከረውን ውሃ ጨምቀው ጠጡ። እንዲህ እያሉ ከኡርሲኪኑስ ጋር ተገናኝተው ወደ አንጾኪያ ደረሱ።

በአሚዳ ኤሊያኑስና መኰንኖቹ ተሰቀሉ፤ የጦሩም ሒሳብ ጸሐፊዎች እጃቸው ወደ ኋላ ታስሮ ተነዱ። ከጤግሮስ ማዶ የመጡትም እየተፈለጉ ታረዱ። ሻፑር ግን ከድሉ ብዙ አላተረፈም። የዘመቻው ወራት አልፎ ብርዱ ቀርቦ ነበርና ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ኤፍራጥስንም ሳይሻገር ቀረ። በ73 ቀን ውስጥ 30 ሺህ ሰው ሞቶበታል። ሬሳውን የቈጠረው ዲስኬኔስ የሚባል የመንግሥት ጸሐፊ ነው።

ከተማይቱ በኋላ እንደ ገና ቀናች። በ363 ዓ.ም. ሮማውያን ንጽቢንን ለሻፑር በውል ሲያስረክቡ፥ በሦስት ቀን ውጡ ከተባሉት የንጽቢን ሰዎች ብዙዎቹ በአሚዳ ሰፈሩ። በቤተ ክርስቲያናችን የውዳሴ ማርያም ደራሲ የሚባለው ቅዱስ ኤፍሬም ከእነዚያ ስደተኞች አንዱ ነው፤ እርሱ ወደ ኤዴሳ ሄደ። የዲያርባክር ጥቁር የድንጋይ ግንብ ዛሬም ቆሞአል፤ በ2015 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

የቀረው የምርመራው ነገር ነው። አሚዳ ለምን ጠፋች ተብሎ እንዲመረመር አርቢቲዮና ፍሎሬንቲዩስ የተባሉ ሁለት ታላላቅ ሹማምንት ታዘዙ። ነገሩ ግልጽ ነበረ፤ ረዳት ጦር እያለ ያልወጣው ሳቢኒያኑስ ነው። ነገር ግን ይህን ቢጽፉ የእልፍኙን ሹም አውሳብዮስን የሚያስቀይም ሆነባቸው። ስለዚህ ዋናውን ትተው ጥቃቅኑን ይመረምሩ ጀመር። ኡርሲኪኑስ ትዕግሥቱ አልቆ፥ ንጉሠ ነገሥቱ የጃንደረቦችን ቃል እያመነ ከቀረ በመጪው ዓመት ሠራዊቱን ሁሉ ይዞ ቢመጣም ሜሶጶጣሚያን አያድናትም ብሎ ተናገረ። ቃሉ ተጨምሮበት ለንጉሡ ደረሰ፤ በ360 ዓ.ም. ከሥራው ተሻረ። በዚያው ዓመት ሻፑር ሲንጋራንና ቤዛብዴን ወሰደ።

ቆንስጣንጥዮስ በዚያው ዓመት ወደ አሚዳ መጥቶ ዐመዷን አይቶ አለቀሰ። በአጠገቡ የግምጃ ቤቱ ሹም ኡርሱሉስ ቆሞ ነበር፤ አንቶኒኑስን ዕዳህን ክፈል ብሎ ያስጨነቀው ሹም የነበረበትን ወንበር የያዘ ሰው ነው። ኡርሱሉስ ፍርስራሹን ተመልክቶ፥ የመንግሥት ሀብት ለደመወዛቸው የሚያልቅላቸው ወታደሮች ከተማ የሚጠብቁት እንዲህ ነው ብሎ በምሬት ተናገረ። ወታደሮቹ ሰሙት። በ361 ዓ.ም. መጨረሻ ቆንስጣንጥዮስ ሞቶ በኬልቄዶን ችሎት ሲቆም ያን ቃል አልረሱትም ነበር፤ ኡርሱሉስ በሞት ተቀጣ። ጃንደረባው አውሳብዮስም በዚያው ችሎት ተገደለ። በችሎቱ ከተቀመጡት ዳኞች ብርቱው፥ የአሚዳን ጉዳይ የመረመረው አርቢቲዮ ነበረ።